ለቀላል ሪቮልቨር የቱ ጥይት ይሻላል፦ ተራው 38፣ ፕላስ ፒ ወይስ 357 ማግነም?

ቀላል ሪቮልቨር (ጥይቱን የሚያጎርሱበት ተዟዟሪ ከበሮ ያለው ሽጉጥ) ኪስ ውስጥ ሲከቱት የሌለ ያህል ነው። ሲተኩሱት ግን ሌላ ጉድ ነው። አካሉ ከአሉሚኒየም ወይም ከስካንዲየም ቅይጥ ስለሚሠራ ብዙዎቹ ከ340 እስከ 430 ግራም ቢመዝኑ ነው። መሣሪያው በቀለለ ቁጥር እርግጫው እጅ ላይ ይብሳል።

መጀመሪያ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 38 ስፔሻል ከሚል ሽጉጥ 357 አይተኮስም። የ357 ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘው ቱቦ) 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የረዘመው፣ ሰው ተሳስቶ እንዳያጎርሰው ነው። 357 የሚለው ግን 38ንም ይተኩሳል። አስቸጋሪው ፕላስ ፒ፣ ማለትም ግፊቱ ከፍ ያለው 38 ነው። ቁመቱ ከተራው 38 እኩል ስለሆነ የማይችለው ሽጉጥ ውስጥም ሰተት ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ መመሪያውን ማየት ግድ ነው።

የተራው 38 የግፊት ጣሪያ 17,000 ፒኤስአይ ነው፤ ፕላስ ፒ ትንሽ ከፍ ይላል። 357 ደግሞ 35,000 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጉልበት በአጭር በርሜል ሲወጣ ከፊሉ ባሩድ ውጭ ይነድዳል፤ ብልጭታውና ጩኸቱ አያድርስ ነው። ሁለተኛውን ጥይት አነጣጥሮ መተኮስም ይከብዳል። እኔ ለእንዲህ ያለ ሽጉጥ 357 አልመርጥም።

ለልምምድ ምርጫዬ አረሩ (ከበርሜሉ የሚወጣው ክፍል) ጫፈ ጠፍጣፋና 148 ግሬን (9.6 ግራም ገደማ) የሆነው 38 ነው። እርግጫው ለስላሳ ነው፤ ወረቀት ላይም ክብ ቀዳዳ ቆርጦ ያወጣል። ጫፉ ሹል ስላልሆነ ግን በጥድፊያ ሲያጎርሱት የከበሮውን ቀዳዳ ይስታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጣጣ አለ። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲራገጥ ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለህ አብሮት ይሄዳል፤ አረሩ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። መኪና ድንገት ሲነሳ የቆመ ተሳፋሪ እንደሚሆነው ማለት ነው። በዚህም አረሩ ቀስ በቀስ ከቀለሁ ይወጣል፤ ከከበሮው ፊት ብቅ ካለ ከበሮው አይዞርም፣ ሽጉጡም ይቆለፋል። ኃይለኛ ጥይት ላይ ከባድ እርቃኑን የሆነ የእርሳስ አረር ይብስበታል። በመዳብ የተሸፈነና ቀለሁ አንገቱን አጥብቆ የያዘው ይሻላል።

በጣም ቀላል አረርም መፍትሔ አይደለም። ከበሯቸው ከቲታኒየም የሆነ አንዳንድ 357ዎች ላይ ከ120 ግሬን በታች የሆነ አረር እንዳይተኮስ ተጽፏል፤ የባሩዱ ነበልባል ከበሮውን ይበላዋል።

ብዙ ፓኮ ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ይሞክሩ። የአንዱን ጥይት ቁመት በካሊፐር ለክተው ምልክት ያድርጉበት። ከሌሎቹ ጋር አጉርሰው፣ ተኩስ ሜዳ ላይ እሱን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን ይተኩሱ። አውጥተው እንደገና ሲለኩት ከረዘመ፣ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም።