ላይቭ ሮክ ወይስ ደረቅ ድንጋይ? በሰሜን ሸዋ የጨው ውኃ አኳሪየም ለሚጀምሩ የቀረበ ንጽጽር

በደብረ ብርሃንም ሆነ በዙሪያዋ የጨው ውኃ አኳሪየም ለመጀመር ያሰበ ሰው፣ መስታወቱንና ፓምፑን ካዘጋጀ በኋላ የሚጠብቀው ከባድ ወጪ የድንጋይ ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚሰፍሩት በድንጋዩ ገጽና ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ለጌጥ ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ለገዢ የሚቀርቡት ዋና አማራጮች ከባሕር ወጥቶ ከነሕይወቱ እርጥብ እንደሆነ የሚመጣው ላይቭ ሮክ እና ሕይወት የሌለበት ደረቅ የኮራል (የባሕር እንስሳ አጽም) ድንጋይ ናቸው። ሁለቱም በመሠረታቸው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው።

የላይቭ ሮክ ብልጫ አያከራክርም። ከባክቴሪያው ጋር ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ፣ ስፖንጅ የተባለው የባሕር እንስሳ፣ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረታትና ትሎች አብረው ይመጣሉ፤ ኦክስጅን እምብዛም በማይደርስበት የድንጋዩ ውስጠኛ ክፍልም ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ደረቅ ድንጋይ እንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ሕይወት እስኪሰፍርበት ድረስ ብዙ ወራት ይፈልጋል። ይህን እያወቅን ለደጋው ገዢ ደረቁን ድንጋይ የምንመክረው በመንገዱ ርዝመትና በከፍታው ምክንያት ነው።

ላይቭ ሮክ ከሩቅ ሲላክ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በሳጥን ይታሸጋል እንጂ በውኃ ውስጥ ሆኖ አይመጣም። በጉዞ ላይ ከሞተው ስፖንጅና ትል የተነሣ ድንጋዩ ውኃ ውስጥ ሲገባ መበስበስ ይጀምራል፤ መበስበሱም አሞኒያ ይለቃል፣ ኦክስጅንም ይጨርሳል። ስለዚህ ዓሣ ከሌለበት በርሜል ውስጥ፣ ሞቅ ባለና በሚንቀሳቀስ የጨው ውኃ፣ እንደ ጉዳቱ መጠን ከ2 እስከ 6 ሳምንት መቆየትና መጽዳት አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። 26 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ የባሕር ውኃ በጠረፍ ላይ በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እዚህ ግን ከ5 በታች ይቀራል። የሚበሰብስ ድንጋይ በሞላበት በርሜል ላይ መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ፣ ፓምፑ ቆሞ በሕይወት የተረፈውም አብሮ ሊያልቅ ይችላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው የሌለበት ውኃ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። በደረቅ ድንጋይ ላይ ያው መጥፋት ቢደርስ የሚያስከትለው ኪሳራ በአመዛኙ የጥቂት ቀናት መዘግየት ነው።

ሌላው ጉዳይ ያልተጋበዘ እንግዳ ነው። አይፕቴዢያ የተባለችው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ (አኔሞን)፣ ዓሣ አድኖ የሚበላው ማንቲስ ሽሪምፕ፣ አንዳንድ ሸርጣኖችም በላይቭ ሮክ ቀዳዳ ተደብቀው ይገባሉ፤ አይፕቴዢያ አንዴ ከተራባች ማጥፋት እጅግ አድካሚ ነው። ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው የወረቀት ጣጣም አለበት፦ በኮራል የተሠራ ላይቭ ሮክ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። የላኪውን አገር ፈቃድ ማሳየት ከማይችል ሻጭ መግዛት አይገባም።

በሁለቱ መካከል አንድ መልካም መንገድ አለ፤ እርሱም አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየሙን ከሚያፈርስ ወይም ከሚያሳንስ ሰው የቆየ ድንጋይ መግዛት ነው። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሆነ ድንጋዩን በራሱ ውኃ በተሞላ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል በዕለቱ ማድረስ ይቻላል፤ በድንጋዩ ላይ ያለው ሕይወትም ብዙ አይጎዳም። ሆኖም ለሻጩ ሳይቀርብ መቅረት የሌለበት ጥያቄ፣ ድንጋዩ ባለበት ውኃ ውስጥ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት ታክሞ እንደሆነ ነው። ድንጋይ መዳብን መጥጦ ቀስ በቀስ መልሶ ስለሚለቅ፣ በኋላ የሚገቡትን ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ይገድላል። ድንጋዩን ከውኃ አውጥቶ ማሽተትም ይረዳል፤ ጤነኛው የባሕር ሽታ ሲኖረው፣ የታመመው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ደረቅ ድንጋይ የሚገዛ ሰው ርካሽነቱን በድካም ይከፍላል። ብዙ ጊዜ የደረቀ ፍጥረት ቅሪት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይኖራል፤ ይህም ፎስፌት እየለቀቀ አልጌን ይቀልባል። ዝግጅቱ የሚጀምረው በጠንካራ ብሩሽና በውኃ ጠርጎ አቧራውንና የሚላቀቀውን ሁሉ በማስወገድ ነው። ቀጥሎ ሽቶና ሳሙና የሌለበትን በረኪና አንድ እጅ በአሥር እጅ ውኃ በጥብጦ፣ አየር በሚዘዋወርበት ደጅ ለጥቂት ቀናት መዘፍዘፍ ይገባል። ከዚያ በተደጋጋሚ ውኃ አለቅልቆ፣ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው፤ የደጋው የበጋ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የድንጋዩን የላይኛውን ሽፋን ለመላጥ አቼቶ ወይም የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፤ ነገር ግን በረኪናና አሲድ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ፣ አንዱ ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላውን ማስነካት ለሕይወት አስጊ ነው። በመጨረሻ ድንጋዩን በጨለማ፣ በጨው ውኃ ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት አስቀምጦ ፎስፌቱን እየለኩ ውኃውን መቀየር ያስፈልጋል።

የጸዳው ድንጋይ ገና ባዶ ቤት ነው። ባክቴሪያ ለማስፈር በጠርሙስ የታሸገ፣ አሞኒያን የሚለውጥ (ናይትሪፋይንግ) ባክቴሪያ ፈሳሽ መግዛት ይቻላል፤ የማብቂያ ጊዜው ያላለፈ፣ በመጓጓዣም በሙቀት ያልተመታ መሆኑን ማረጋገጥ የገዢው ፈንታ ነው። ውኃው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል አሞኒያ እንዲኖረው ሽቶና ሳሙና የሌለው አሞኒያ ይጨመርና ለውጡን በመመርመሪያ ኪት መከታተል ነው። ያ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ድንጋዩ ዓሣ ለመሸከም ደርሷል፤ ይህም በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከጠርሙሱ ጎን ለጎን አይፕቴዢያ የሌለበት፣ ቡጢ የሚያህል የቆየ ላይቭ ሮክ እንደ ዘር ማስገባት እጅግ ይጠቅማል፤ ጠርሙስ የማይዛቸው ኮራላይን አልጌና ጥቃቅን ፍጥረታት በእርሱ በኩል ይገባሉና። ይህ የዘር ድንጋይ ከፓምፑ የሚወጣው ውኃ በላዩ አልፎ ወደ ሌሎቹ በሚፈስበት ቦታ ቢቀመጥ፣ ከእርሱ የሚላቀቀው ሕይወት ለሌሎቹ በቀላሉ ይዳረሳል።

የጀማ ወንዝ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በብዛት የሚታይበት በመሆኑ፣ «ለምን እዚሁ ያለውን አንጠቀምም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት የሚፈላ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ውኃውን አይጎዳም፤ ሆኖም ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ስለሆነ ለባክቴሪያ የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ነው። ለመሠረትነት ከሥር ማስቀመጥ ግን ይቻላል። ለግንባታ የሚውለው ቀይ ሬድ አሽ ቀዳዳማ ቢሆንም ብረት የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ለኮራል ውኃ አንመርጠውም። በሲሚንቶ የሚሠራውም ድንጋይ ፒኤች (የውኃውን የአሲድነት ልክ መለኪያ) በኃይል ከፍ ስለሚያደርግ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ካልተዘፈዘፈ አይገባም።

ሸዋ ሮቢት ላለ ገዢ ሚዛኑ በመጠኑ ይለወጣል። በቆላው ኦክስጅኑ የተሻለ ነው፤ ችግሩ ማሞቅ መሆኑ ቀርቶ ማቀዝቀዝ ይሆናል፤ ድንጋዩም በጣርማ በር በኩል ተጨማሪ መንገድ ይጓዛል።

የተለመደው መጠን በሊትር ከ120 እስከ 180 ግራም ሲሆን፣ ለ200 ሊትር ከ24 እስከ 36 ኪሎ ማለት ነው። ዋጋው በኪሎ ስለሆነ በትልቅነቱ ልክ የማይከብድ፣ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ የመረጠ ገዢ ባነሰ ኪሎ ያንኑ ቦታ ይሞላል። የዘር ድንጋዩ ግዢ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ደረቁ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ የጨው መጠኑ በጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትር 1.025፣ ሙቀቱም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ላይ ሌሊትና ቀን ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ ይመጣል።