ሴፍትሪያክሶን፦ ቤት ልወጋ ወይስ ጤና ጣቢያ ልመላለስ?

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ላይም» (Lyme) በሚባለው ከመዥገር የሚመጣ በሽታ ምክንያት ይሄን የአንቲባዮቲክ መርፌ ቤቷ ራሷ ነው የምትወጋው፣ እኔም እዚህ ድሬ ለሌላ ኢንፌክሽን 1 ግራም ሲታዘዝልኝ አማረኝ። እውነቱን ለመናገር ቤት ይመቻል፣ በዚህ ሙቀት ከሳቢያን በባጃጅ ሄዶ ወረፋ የለም። ግን ዱቄቱን የምትበጠብጠው አንተ ነህ፣ ለጡንቻ ሲሆን ሊዶካይን በሚባለው ማደንዘዣ ነው የሚበጠበጠው፣ ያ ደግሞ ደም ስር ከገባ አደገኛ ነው። ጤና ጣቢያ ያሰለቻል፣ ነርሷም ቁጡ ናት (ቂጤ እስካሁን ያመኛል)፣ ግን አለርጂ ቢነሳብህ፣ ጉሮሮህ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥርህ አድሬናሊን የሚወጋህ ሰው አጠገብህ አለ፣ ቤት ማን አለ? ጎረቤት። ለ«ላይም» በሽታ ደግሞ ከታከሙ በኋላ ለሚቀር ህመም አንቲባዮቲኩን ለወራት ማስረዘም ዘላቂ ጥቅም እንደሌለው ጥናቶች አሳይተዋል፣ ነግሬያት አልሰማችም። እኔ ባጃጁን መርጫለሁ።