አምፊቢያ ከስምንት ወር በኋላ፦ የሚወላገደው መሙያና የጳጉሜ ጣጣ

አምፊቢያ የተባለውን የሩሲያው ቮስቶክ ፋብሪካ የዋና ሰዓት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በመሙያው፣ ማለትም ከጎኑ ባለችው እየተጠመዘዘች በምትዘጋው ቁልፍ ነው። ጥርሱ ተፈትቶ ሲወጣ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፤ የተሰበረ ይመስላል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መሙያው ከውስጡ ዘንግ ጋር በላላ መያዣ ስለሚገናኝ፣ ሰዓቱ ከጠረጴዛ ጋር ቢላተም ምቱ ማሽኑ ድረስ አይዘልቅም። በእጅ ለመሙላት በስሱ ወደ ውጭ ሳብ እያደረጉ ማዞር ነው፤ ሳይስቡ ከሆነ በባዶው ይሽከረከራል። ሲዘጉት ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ አዙሮ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ማጥበቅ። በግድ የገባ ጥርስ ይላጣል፣ ያን ጊዜ ሰዓቱን አስሮ መዋኘት ቀረ ማለት ነው።

ሰዓቱ የሚሠራው በሩሲያ፣ በታታርስታን፣ በካማ ወንዝ ዳር ባለችው ቺስቶፖል ነው። ፋብሪካው እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1941 ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲገሰግሱ፣ ከሁለተኛው የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ ተነቅሎ ነው። (የአንደኛውም የሞስኮ ፋብሪካ ማሽኖች ከአሜሪካ፣ ከኦሃዮዋ ካንቶን ተገዝተው የመጡ ነበሩ። ይህ ሙያ ገና ከጅምሩ ጓዙን ተሸክሞ የተጓዘ ነው።)

አምፊቢያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ መሐንዲሶቹ ሚካኢል ኖቪኮፍና ቬራ ቤሎቫ የመረጡት መንገድ ዛሬም አልተለወጠም። የጀርባው ክዳን አይሽከረከርም፤ በምላሱ ቀፎው ላይ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚከለክለው ሰፊው ጎማ ሲጠብቅ አይጠመዘዝም። ውሃው በጨመረ ቁጥር ክዳኑን ወደ ጎማው ይገፋዋል። 3 ሚሊሜትር የሚወፍረው የፕላስቲክ መስታወትም እንዲሁ ጫናው ሲበረታ ይበልጥ ይደፍናል። እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ይችላል የተባለው በዚህ ነው። ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ጎማውን ሲሊኮን ግሪስ ይቀባው፤ ደረቅ ጎማ ሲጠብቅ ይሸበሸባል። መስታወቱ ቶሎ ይጫራል፣ ግን በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ አምስት ደቂቃ ሲፈተግ ይጠራል።

ውስጡ ያለው ማሽን 2416ቢ ይባላል፦ ፍትጊያ የሚቀንሱ 31 ድንጋዮች ያሉት፣ በሰከንድ 5.5 ጊዜ የሚመታ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ። ፋብሪካው የሚፈቅደው በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 60 ሰከንድ መቅደም ነው። በስምንቱ ወር የታየው በቀን ከ12 እስከ 18 ሰከንድ መቅደም ነው፤ ማታ መሙያውን ሽቅብ አድርጎ በጎኑ ማቆም ከዚያ ላይ ጥቂት ይቀንሳል። በድንገት በቀን ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ ግን ማስተካከያውን አትንኩ። አብዛኛውን ጊዜ የሰዓቱን ምት የሚቆጣጠረው ቀጭኑ ሞላ ማግኔት ይዞ ነው፤ ሰዓት ሠሪ በአንድ ደቂቃ ያጸዳዋል።

ሩሲያ ውስጥ በግላቸው ሰዓት ከሚሠሩት አንዱ የሴንት ፒተርስበርጉ ተወላጅ ኮንስታንቲን ቻይኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጆከር የተባለ የእጅ ሰዓቱ ሰዓትና ደቂቃን በሁለት ዓይን፣ ጨረቃን በአፍ ያሳያል፤ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። የሚገርመው ግን የጆከር መሠረት የስዊስ ማሽን ሲሆን፣ ርካሹ አምፊቢያ ማሽኑን የሚያገኘው ከራሱ ፋብሪካ ነው። የጥበብ ጫፉ ቻይኪን ጋ ነው፤ ለየቀኑ ግን አምፊቢያ።

የብረት ማሰሪያው ፀጉር ይነጫል። 420 የሚባለው ቀፎ 18 ሚሊሜትር ማሰሪያ ይቀበላል፤ የናይለን ቢሆን ይሻላል።

የቀን መቁጠሪያው ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ቀኑን ለብቻው የሚያዘልል ነገር የለውም፤ ቆጣሪዎቹን (የሰዓቱንና የደቂቃውን እጆች) ከ12 አሳልፎ ቀኑ ሲዘል ወደ 8 መመለስ፣ እንደገና ከ12 ማሳለፍ ነው። በፈረንጅ ቀን ለሚጠቀም ይህ በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ያጋጥማል። በእኛ አቆጣጠር ግን ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን ማለፍ ግድ ነው። ሰዓቱን በሐበሻ ቆጠራ ያስተካከለ ደግሞ ቀኑ የሚዘለው 12 ላይ፣ ወይ ንጋት ወይ ምሽት መሆኑን ያስተውል፤ ምሽት ከሆነበት ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደ ፊት ያዙር። ጳጉሜ 5 አልቃ መስከረም ሲጠባ ደግሞ 6 የሚለውን 1 ለማድረስ 26 ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው።