ጋራዥ የገባችው መኪናችን እና የእንጦጦው ዳገት

ከ4 ዓመት በኋላ አገር ቤት ገባሁ። ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደርሼ ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰቤ ጋር አሳለፍኩና ጥር 25 ወደምኖርበት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተመለስኩ። በዚህ አንድ ወር ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች እጽፋለሁ ብዬ ለጓደኞቼ ቃል ገብቼ ነበር። ብዙውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ልቤ ያለው ጋራዡ ላይ ነው።

ሻንጣዎቼ ሁሉም ደርሰዋል፣ አንዱም አልተነካም። ሲም ካርድ ያወጣሁት በፓስፖርቴ ነው፤ ከተራው ጋር አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ፣ ልጅቷም ቴሌብሩን ራሷ ከፍታ አሠራሩን አሳየችኝ። ራይድን በመተግበሪያውም በ8294 በመደወልም ተጠቅሜበታለሁ። ሾፌሮቹ ጨዋ ናቸው። አንዱ እማዬን ደግፎ እስከ በሩ ድረስ አድርሷት ነው የሄደው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የማውቃቸው መንገዶች ስለተለወጡ ያለ እነሱ የትም አልደርስም ነበር።

አሁን ወደ መኪናዋ።

አባታችን ጥሎልን የሄደው ኮሮላ ናት፣ ኮድ 2። እሱ ካረፈ በኋላ የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ የአሜሪካ መንጃ ፈቃዴን በአገር ቤት ስላልቀየርኩ መሪ አልነካሁም። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ያለችውን መኪና መንከባከብ እንጂ መቀየር የሚታሰብ አይደለም። የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ሽቅብ ወጥቷል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ከማመጣው ስጦታ አንዱ ይሁን ብዬ ለመኪናዋ ሙሉ ሰርቪስ ልከፍል አሰብኩ። እማዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት 7 ቀን ጸበል ለመጠመቅ አቅዳ ስለነበር ዳገቱን በሰላም እንድትወጣልን ነው።

ጋራዡን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው መካኒክ አለ፤ እኔ ግን ትልቅ ግቢ፣ ሊፍትና የደንብ ልብስ ያላቸው ሠራተኞች አይቼ «እዚህ ይሻላል» አልኩ። ሰኞ ጥር 5 አስገባናት። ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ እንዲሁም የደረቀው የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እንዲቀየሩ ተነጋገርን። የተነጋገርነው በቃል ነው። ፎርማኑ የሚያናግረው ወንድሜን ነበር፤ እኔ ስጠይቀው መልሱን የሚሰጠው ለወንድሜ ነው። ከፋዩዋ እኔ መሆኔን ሲያውቅ ብቻ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ምን ልትሠሩ እንደሆነና ዋጋውን ጻፉልን» ስለው «እህቴ፣ እኛ ጋ በመተማመን ነው» አለኝ። እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ደንበኛው ከጠየቀ ጋራዡ ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ሳያስፈቅድም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ማስከፈል አይችልም። ያን እያወቅሁ ይሉኝታ ያዘኝ። ከውጭ መጥታ ሰው አታምንም እንዳልባል ዝም አልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

ረቡዕ ማታ ወሰድናት። ከፈልኩ፤ 18,500 ብር። ደረሰኙ ላይ «ሰርቪስ» የሚል አንድ ቃልና ድምሩ ብቻ ነው ያለው። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች ስጡን ስንል ተጥለዋል አሉን።

ሐሙስ ጥር 8 ገና ሳይነጋ ተነሳን። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የጸበል ጀሪካኗን እግሯ ሥር አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። በስድስት ኪሎ አልፈን ሽሮ ሜዳን ስንጨርስ ዳገቱ እየጠነከረ ሄደ። ከአሜሪካ ኤምባሲ ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወንድሜ የሙቀት ጠቋሚውን አየ፤ ታች ነው፣ እንደ ቀዘቀዘ ሞተር። «ከውጭ የመጣ ሽታ ይሆናል» ብሎ ቀጠለ። ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ ጉልበት አጣች፣ ከኮፋኖው ሥር ነጭ ጭስ ተነሳ፣ ወዲያው ጠፋች። እጅ ፍሬን ይዞ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እስኪያደርግ ድረስ እማዬ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» እያለች ነበር። ጉልበቷ ታማሚ ነው። በዚያ ብርድ አውርደን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። እንጨት ሊያመጡ ወደ ጫካው ከሚወጡት እናቶች አንዷ ቆመው፣ መኪና እስኪመጣልን አብረዋት ተቀመጡ። ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ አሁንም ይከነክነኛል።

አንድ አላፊ ጀሪካን ውሃ ይዞ ሊያፈስበት መጣ፤ ወንድሜ ከለከለው። ልክ ነበር። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ያተረፈውን ይሰነጥቃል፣ የራዲያተሩን ክዳን መክፈትም ፊት ያቃጥላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሞተሩን የሚያድነው የታሸገው የማቀዝቀዣ ሲስተምና በውስጡ ያለው ግፊት ነው። ሲስተሙ አንዴ ካፈሰሰ ዳገት ላይ የሚቀረው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

እማዬን በራይድ ወደ ቤት መለስናት። መኪናዋ በካቦ ተጎትታ ወንድሜ ወደሚያውቀው መካኒክ ገርጂ ወረደች። ይህ ሰው ከጎሚስታ አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታ የሚሠራ ወጣት ነው። ኮፋኖውን ከፍቶ ምንም ሳይነካ ብዙ አየ። ከዚያ ጠራኝና፣ ልብ በሉ እኔን ነው የጠራኝ፣ በጣቱ ሁለት ነገር አሳየኝ። አንደኛ፣ አዲሱ ቱቦ ማሰሪያው በደንብ ስላልጠበቀ ከአፉ ሸርተት ብሎ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ የሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ቱቦውን ሲቀይሩ ነቅለውት ሳይመልሱት ቀርተዋል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጠቋሚ ወርዶ የቀረው በዚህ ነው። ውሃው ሲያልቅ የሚያስጠነቅቀንን ነገር አስቀድመው ዘግተውብናል። የፈሰሰው ደግሞ ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ ነው፣ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለም የለውም።

«እህቴ፣ እኔ አሁን መፍታት እችላለሁ» አለኝ። «ግን ከፈታሁት ነገ እሱ ነው ያበላሸው ይሉኛል። መጀመሪያ ይምጡና ይዩት። አንቺም ፎቶ አንሺ።» በዚህ ጉዞዬ ካገኘሁት ምክር ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ተናዶ ወዲያው ያስፈታና ማስረጃውን ያጠፋል።

ጋራዡ ጋ ስንደውል መጀመሪያ «ስትወጣ ደህና ነበረች» አሉ። ቀጥሎ «አሮጌ መኪና ናት»። በማግስቱ ፎርማኑ ራሱ መጥቶ ሲያይ «ሽቦው ድሮም የተነቀለ ነው፣ ሾፌሩ ሙቀቱን መከታተል ነበረበት» አለ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። አባታችን ሲኖር ሙቀት ሳያይ ዳገት እንዳይወጣ ያስተማረው ልጅ ነው።

ያኔ ነው ቪዲዮው ትዝ ያለኝ። ገና በመጣሁ ሰሞን ዱባይ ላለችው እህታችን «የአባዬ መኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች እዪ» ብዬ ሞተሩ እየሠራ ዳሽቦርዱን ቀርጬ ልኬላት ነበር። በዚያ ቪዲዮ ላይ ጠቋሚው መሃል ላይ ቆሟል፤ ቀኑም አለበት፣ ታኅሣሥ 30። ጋራዥ ከመግባቷ ከ5 ቀን በፊት መሆኑ ነው። ሽቦው ድሮ የተነቀለ ቢሆን ጠቋሚው መሃል ሊቆም አይችልም። ፎርማኑ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየና ባለቤቱን ላናግር ብሎ ሄደ።

የኢንሹራንስ ድርጅታችንንም ጠይቀናል። ውላችን የሚሸፍነው የግጭትና የመሰል አደጋ ጉዳት ነው፣ የሞተር ብልሽት አይደለም አሉን። ያሳዝናል፣ ግን በዚያው ቀን በግልጽ ስለነገሩን አላማርራቸውም።

ሕጉን በሚመለከት አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዳችን ያስረዳን ይህን ነው። መኪና ለጥገና ስትሰጥ ባይጻፍም ውል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ሥራ የሚቀበል ሰው የተስማማበትን ውጤት በራሱ ኃላፊነት እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው ይላል፤ በአክብሮት የመስተናገድ መብትም እዚያው ተጽፏል። እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ወንድሜ ብቻ እያየ የሚያወራው ፎርማን ትዝ አለኝ። ክስ መመሥረት ይቻል ነበር። ለእኔ ግን የቀረኝ 2 ሳምንት ነው፣ እማዬም «ፍርድ ቤት የሚመላለሰው አንቺ ሳትሆኚ ወንድምሽ ነው» አለች።

ስለዚህ በሽማግሌ ሆነ። የእድራችን ዳኛ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሹፌርነት የኖሩ ጋሼ፣ ሌላ አንድ ጎረቤት ጨምረው የጋራዡን ባለቤት አስጠሩት። ሰውዬው እንደ ፎርማኑ አልነበረም፤ አቀርቅሮ አዳመጠ። ጋሼ ስለ ሕግ አንድም ቃል አልተናገሩም። «ልጄ፣ ይህች ሴትዮ ጸበል ሄዳ ነው መንገድ ላይ የቀረችው» አሉት፣ እማዬን እያሳዩ። ከዚያ ቪዲዮውንና ፎቶዎቹን አየ። የሚከፈተው የገርጂው መካኒክ ጋ፣ የጋራዡ ሰው ባለበት እንዲሆን ተስማማን።

ሲፈታ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከታችኛው ብሎክ ጋር የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ተጣሟል። ብሎኩ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። በሙቀት አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ቀድሞ የሚጣመመው እሱ ነው። ቶርኖ ቤት ተልኮ ስንጥቅ እንደሌለው ከታየ በኋላ ተላገ። ፒስቶኖቹ ተርፈዋል፤ ወንድሜ ቶሎ ባያቆም ኖሮ ሙሉ ሞተር ነበር የምንፈልገው። ጋርኒሲዮኑን ሶማሌ ተራ ወርደን ነው ያገኘነው፤ መካኒኩ አብሮን መጥቶ ከሦስት ሱቅ አስወጥቶ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ መረጠ። የእጁን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 46,000 ብር መጣ።

ሽማግሌዎቹ ጋራዡ 40,000 እንዲከፍል ወሰኑ፤ ዘይትና ኩላንት በእኛ። እኔ እንደማምነው ሙሉውን መክፈል ነበረበት። የጉተታው፣ የራይዱና የቀሩት የጸበል ቀናት ሂሳብ ውስጥ አልገቡም። ጋሼ ግን «ይበቃል» ሲሉ እሳቸውን አክብሬ ተቀበልኩ። በወረቀት ተጽፎ 3 ምስክር ፈረመበት፤ ግማሹ ያን ዕለት ተከፈለ፣ ግማሹ እስከ የካቲት 15 ሊከፈል።

የጋራዡን ስም አልጽፍም፤ የሽማግሌ ስምምነት ስላለ ነው። የምሰጠው ዳኝነት ግን የማያሻማ ነው፤ ለሥራው ዝቅተኛውን፣ ለፎርማኑ አነጋገር ከዚያም ያነሰ። ማሰሪያ ሳያጠብቁ መርሳት በማንም እጅ ይደርሳል፣ ለዚያ ይቅር ብያለሁ። ጥፋቱን የወንድሜ ለማድረግ መሞከራቸውን ግን አልረሳም። ለገርጂው ልጅ ያለኝን ምስጋና በቃል አልጨርሰውም። ሥራውን ሲያስረክብ የተቀየረውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ፣ የሠራውን በደብተር ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ጽፎ ሰጠን። ማንም አልጠየቀውም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ መኪና ጋራዥ ሳስገባ የዳሽቦርዱን፣ የሞተሩንና የአራቱን ጎን ቪዲዮ ሰዎቹ እያዩኝ እቀርጻለሁ፤ የሚሠራውንም ጽፌ ፎርማኑን አስፈርማለሁ። «በመተማመን ነው» ካሉኝ ወረቀቱ ላይ ተማምነን እንፈርም እላለሁ። እናንተም ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ሁለተኛው 20,000 ብር የገባው የካቲት 26 ነው፣ ጋሼ ሁለት ጊዜ ከደወሉ በኋላ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ያን ዳገት ብቻውን ወጥቶ የዳሽቦርዱን ቪዲዮ ላከልኝ፤ ጠቋሚው መሃል ላይ ነው። ለእማዬም አሳይቷታል። አየችው፣ ጎበዝ አለችው። ኪዳነ ምሕረት የምትወጣው ግን አሁንም በራይድ ነው።