አጫጭር ሞላዎች፦ የመንገድ አያያዛቸውና ከገጠማ በኋላ የሚሰማው ድምፅ

በመኪናዬ ላይ ያስገጠምኳቸው፣ ከፍታዋን 30 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ የሚያደርጉት ሞላዎች በመንገድ አያያዝ ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ናቸው፤ በኩርባ ላይ የመኪናዋ መጋደል በግልጽ ቀንሷል። ሊገዛቸው የሚያስብ ሰው ግን ስለ ድምፁ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

መኪናዋ ቆማ መሪው ሲጠመዘዝ "ጧ" የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ሞላው በነፃነት መዞር አቅቶት ከተወጠረ በኋላ በድንገት እየተፈናጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ በአሞርዛተሩ (የሞላውን መንጠር በሚያበርደው ክፍል) ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታና የሞላው አቀማመጥ መፈተሽ አለባቸው። በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ የሚሰማው ኳኳታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልጠበቀ ዳዶ ወይም ካረጀ ማያያዣ ይመጣል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የጎሚኒዎቹ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች በሚታሰሩበት ቦታ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች፣ ጉዳይ ነው። በእነሱ ውስጥ የሚያልፉት ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ከሆነ፣ ጎማዎቿ መሬት ሲነኩ ጎሚኒዎቹ እንደተጠማዘዙ ስለሚቀሩ ሲጢጥ ይላሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ፤ ስለዚህ ቡሎኖቹን አላልቶ፣ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። የእኔ መኪና ሲጥታ የጠፋው በዚህ ሥራ ብቻ ነው። የሞላዎቹ አምራች በመመሪያው ላይ ይህን በአንድ መስመር እንኳ አለመጥቀሱን እንደ ከባድ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድፍን ምት ግን በማጥበቅ አይጠፋም፤ የአሞርዛተሩ ጉዞ በማጠሩ በጉዞው ጫፍ ላይ ግጭቱን ለመቀበል ከተቀመጠው የመዳረሻ ጎሚኒ ጋር መጋጨቱን ያመለክታል። በመሆኑም እነዚህን ሞላዎች ከደከመ አሞርዛተር ጋር ማስገጠምን ፈጽሞ አልመክርም።