ከ14 ወር በኋላ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬና የአዲስ አበባ አየር

መኪናዋን ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። 12,600 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ቻይና ሠራሽ፣ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ የከተማ መኪና ናት። የባትሪዋ አቅም 39 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪያችን የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ነው። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ የምገመግመው ኤሌክትሪክ መኪና መያዝን እንጂ አንድን ድርጅት አይደለም። ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ ጭሱ ነው። የገዛኋትም በእሱ ምክንያት ነው።

እማዬ አስም አለባት። የምትተኛበት ክፍል መስኮት መኪና ወደማቆምበት ጥግ ነው የሚከፈተው። የድሮዋ የቤንዚን መኪናዬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳትሞቅ አትንቀሳቀስም ነበር። እስክትሞቅ ግቢው በጭስ ይሞላል። እማዬ መስኮቷን ዘግታ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስክወጣ ትጠብቅ ነበር። አሁን ድምፅ ሳላሰማ ውልቅ እላለሁ። መስኮቷ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው። ሌላ ምንም ባታተርፈኝ ለዚህ ብቻ ደግሜ እገዛታለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ይዣለሁ። ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። ቻርጅ ስትደረግ የሚባክነው ሲጨመር እስከ ዛሬ 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ፈጅታለች። የድሮዋ ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትጠጣ ነበር። ይህንኑ መንገድ በእሷ ብሄድ ከ1,100 ሊትር በላይ ቤንዚን አቃጥል ነበር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ፣ ያወጣል። በድምሩ 2.6 ቶን ይሆናል።

ይህ ስሌት የሚያምረው እዚህ አገር ስለሆነ ነው። ከመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ይመጣል፤ ከግቤ፣ ከበለስ፣ ከተከዜ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ ከተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሕዳሴ። እዚያው በተሠራችበት አገር ብትነዳ ኖሮ ከምትሞላው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋይ ከሰል ይሆን ነበር።

ግን አንድ ቀን ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። መሥሪያ ቤት ሶኬት ላይ ሰክቻት ነበር። ለምሳ ስወጣ የሕንፃው ጀነሬተር ያጓራል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። መኪናዬ በናፍጣ እየተሞላች ነው! ከውሃ በሚመጣ ኃይል እሄዳለሁ ስል ጥቁር ጭስ ከሕንፃው ጀርባ ካሉት ቤቶች መስኮት ይገባል። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ የማደርገው ማታ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ከተራ ሶኬት አንድ ሌሊት ሲበቃት አይቻለሁ፤ ከባዶ እስከ ሙሉ አይደርስም፣ ግን በየቀኑ ለምሄደው ከበቂ በላይ ነው። ጀነሬተር ያለው ሕንፃ ላይ የምትሞሉ ካላችሁ ለጥበቃዎቹ ንገሯቸው፤ መብራት ሲሄድ ይንቀሉላችሁ።

ባትሪውም ዕዳ አለበት። አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለማምረት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ይገመታል። ለእኔዋ ከ2 እስከ 4 ቶን ማለት ነው። እስካሁን ያዳንኩት 2.6 ቶን ነው፤ ዕዳው 2 ቶን ከሆነ ተከፍሏል፣ 4 ከሆነ ግን ገና እየከፈልኩ ነው። የባትሪው ዓይነት ሊትየም ብረት ፎስፌት መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሲቆፈሩ አካባቢ የሚበክሉት ማዕድናት፣ ኮባልትና ኒኬል፣ የሉበትም። ሲያረጅ የት እንደሚሄድ ግን የሸጠልኝን ሰው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ቆራሌው በር ላይ መጥቶ የሚወስደው ነገር አይደለም። ይህ ጥያቄ ብዙ መኪና ከገባ በኋላ ሳይሆን አሁን መመለስ አለበት።

የፍሬን ሸራው በ12,000 ኪሎ ሜትር አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ እየያዘም ባትሪውን ይሞላል። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ስወርድ 2 በመቶ ትጨምራለች። ስለዚህ ከፍሬን የሚነሣው ብናኝ ቀንሷል። ጎማ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ባትሪው ከባድ ነው፣ ስትነሣም ኃይለኛ ናት። የፊት ጎማዎቿን በ11,000 ኪሎ ሜትር ቀይሬያለሁ። ጎሚስታው ጉድጓዱም አግዟል አለኝ። የተበላው ጎማ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ በቦዩ አድርጎ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ማርሚታ የላትም ማለት ምንም አትለቅም ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዝምታዋንም ተጠንቀቁ። ሰፈራችን መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ስመጣ አይሰሙኝም። በሰው እርምጃ ነው የማልፈው።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የእኔን የመሰሉ መኪኖች በየመንገዱ ሞልተዋል። መገናኛ ላይ ቆሜ ስተነፍስ ግን አየሩ ያው ነው። አሮጌው ሚኒባስ አለ፣ አይሱዙው አለ። የድሮዋ የእኔም አለች። ሸጥኳት እንጂ ከከተማው አልወጣችም። ከ2008 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን፤ አንድ ጉዞው ስንት መኪና ይተካል! እሱና አውቶቡሱ ካልበዙ የእኔ ንጹሕነት ከግቢዬ አያልፍም። ቀላሉ ባቡር በሚያዋጣኝ ቀን መኪናዋን ቤት አቆማታለሁ።

በቀደም የድሮዋን መኪናዬን ሳሪስ ላይ አየኋት። የኋላ በሯ ላይ ያለው ጭረት የእኔ ነው። አሁን ተሳፋሪ ትጭናለች፣ ከእኔ ጊዜ በእጥፍ ትሠራለች። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ዘይት መብላት ጀምራለች። ያቺ ጭስ ከእማዬ መስኮት ተነሥታ ሳሪስ ያለ የሌላ ሰው መስኮት ላይ ነው ያረፈችው። ሾፌሩን አስቆምኩት። ከእኔ የገዛት ልጅ ነው፣ ወዲያው አወቀኝ። ዘይቱ፣ ፊልትሮውና ካንዴላው የተቀየረው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። እኔ ከሸጥኩለት ጀምሮ አልተነካም። የመካኒኬን ስልክ ሰጠሁት፣ የመጀመሪያውን ሰርቪስ እኔ እንደምከፍል ነገርኩት። ቅዳሜ ይዟት ይመጣል።