ለእናትህ ሬዲዮ ወይስ ብሉቱዝ ስፒከር?

በዓል በተቃረበ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ለእማዬ ዘፈንም ዜናም የምትሰማበት ነገር ልገዛላት ነው፣ ምን ይሻላል?» ጠያቂዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ናቸው። እናቶቻቸው እዚህ ጅማ፣ እነሱ 350 ኪሎ ሜትር ርቀው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሬዲዮ ግዙ። ፍላሽና ሚሞሪ የምትቀበል፣ ጣቢያ መፈለጊያዋ በእጅ የሚዞር፣ ባትሪዋ የሚወልቅ ሬዲዮ። ብሉቱዝ ስፒከር ካልሆነ የምትሉ ደግሞ የእኔን ጉድ ስሙ።

አምና ለመስቀል ጅማ መርካቶ ገባሁ። ሬዲዮ ልገዛ አልነበረም፤ እቤት አለ። እማዬን ዘመናዊ ላደርጋት ነበር። አንዲት ድብልብል ስፒከር አየሁ፤ ጎንና ጎኗ ላይ መብራት ይጨፍራል፣ ፊቷ ላይ የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፏል። ልጁ 3,200 አለኝ። «ኦርጅናል ናት ወንድሜ፣ ክብደቷን እየው እስቲ» አለና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እውነትም ትከብዳለች። ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ተመልሼ በ2,400 ተስማማን። ያረከስኩ መስሎኝ ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

በአራተኛው ወር የቻርጅ መሰኪያዋ ወደ ውስጥ ገባ። ማስበየጃ 250 ብር። በስድስተኛው ወር ሞልታ ታድርና ሃያ ደቂቃ ሳትዘፍን ትጠፋለች። ሌላ 400 ብር ለባትሪ። በሰባተኛው ወር ጭራሽ ዝም አለች። ጠጋኙ ከፈታት በኋላ ጠርቶ አሳየኝ። የጣት ውፍረት ያላት ክብ ባትሪ ናት፤ ፋብሪካ የገባችው የመጀመሪያዋ ላይ የምትይዘው ኃይል 8800 ሚሊአምፒር-ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ጠጋኙ ሳቀ። የዚህ መጠን ባትሪ፣ ምርጥ የሚባለው እንኳ፣ ከ3500 ብዙም አያልፍም አለኝ። ከዚያ ከስሯ በሙጫ የተለጠፈ ጠፍጣፋ ብረት ላጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ምንም ሥራ የለውም። እንድትከብድ ብቻ ነው። መርካቶ እጄ ላይ የመዘንኩት እሱን ነበር ለካ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ እኔ ብር ላይ ነው የምነታረከው። ስፒከሯ 2,400፣ ብየዳ 250፣ ባትሪ 400። ድምር 3,050 ብር ለሰባት ወር። በወር 435 ብር አካባቢ። የእማዬን ሬዲዮ የገዛሁት በ2014 ነው፣ በ650 ብር። ሁለቴ ባትሪ ቀየርኩላት፣ አንዴ በ150 አንዴ በ200። የድምፅ መቆጣጠሪያዋ ሲዞር ይንጫጫ ስለነበር አንዴ በ100 ብር አጸዱልኝ። በአራት ዓመት 1,100 ብር። በወር 23 ብር። ማኪያቶ እንኳ በዚህ አይገኝም።

ዛሬ ያቺው ሬዲዮ 1,400 ገብታለች። ይኼ የሬዲዮ ጥፋት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጣ። ነጋዴው ድሮ በገባ ዕቃ ላይም የዛሬን ዋጋ ሲጠራ ግን ዝም አትበሉ። ካርቶኑ አቧራ ከለበሰ መከራከሪያ አላችሁ።

የባትሪዋ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ሬዲዮዋ የምትሠራው በኖኪያዋ ቢኤል-5ሲ ነው፤ የድሮዋ ባለ በተን ስልክ ባትሪ። ጅማ ውስጥ ይቺ ባትሪ የሌለችበት የስልክ ሱቅ አላውቅም። እማዬም የምትይዘው ያቺኑ ስልክ ነው። ክረምት ላይ፣ መብረቁ አንዴ ጮኾ መብራቱ እልም ሲል፣ ከስልኳ ነቅላ ሬዲዮዋ ውስጥ ትከታለች። «የሚደውልልኝ ካለ ዜናው እስኪያልቅ ይታገሥ» ትላለች። ስፒከሯን ስሰጣት ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ይቺ ሴትዮ ምንድነው የምትጮኸው?» ነበር። በተከፈተች ቁጥር በእንግሊዝኛ «ብሉቱዝ ኮኔክትድ» የምትለውን ማለቷ ነው። ሁልጊዜም እኔ ስልኬን ይዤ አጠገቧ ካልተቀመጥኩ አትዘፍንም። ከቤት ስወጣ ዘፈኑም አብሮኝ ይወጣል።

አባዬ በሕይወት ቢኖር የትኛውን እንደሚመርጥ አልጠየቅም። ትልቅ ባለ ካሴት ቴፕ ነበረው። የጅማ እርጥበት ካሴት አይወድም፤ አንዳንዱ ሻጋታ ያወጣል፣ ቴፑም ክሩን ይበላዋል። ያኔ አባዬ ክሩን በጥንቃቄ ስቦ ያወጣና ቢክ እስክሪብቶ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከቶ ቀስ እያለ ያጠነጥነዋል። የተጨማደደችው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ሁሌም ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይሆናል። እኛ ልጆቹ ያንን ቦታ ጠብቀን አብረን እንንቦጫረቅ ነበር። የ2001 ፋሲካ ሰሞን የጥላሁን ገሠሠን ማረፍ የሰማነው ከዚያው ቴፕ ሬዲዮ ነው። አባዬ ምንም አላለም። ሬዲዮውን ዘግቶ ካሴት ፈልጎ ከተተ።

ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ዘፈን ክልክል ነበር። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ይገባ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ጣቢያው ላይ ወፍጮ የመሰለ ጩኸት ይለቀቅበት ነበር። በ2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስለማፈኑ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። አባዬ ግን ሁለት ጣቱን ማዞሪያው ላይ ጣል አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የፀጉር ያህል ወደ ጎን ያስጠጋታል። ጩኸቱ ይቀንስና ሰውየው ከሩቅ ይሰማል። በእጅ የሚዞር ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ርካሿ ዲጂታል አምስት አምስት ኪሎኸርዝ እየዘለለች ስለምትሄድ ያቺን የፀጉር ያህል ቦታ አታገኛትም።

«ዛሬ ማን አጭር ሞገድ ይሰማል፣ ሁሉ ነገር ስልክ ላይ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ የት ነበርክ? እኛ ሰፈር ያን ሰሞን ባለ ስማርት ስልኩ ሁሉ እማዬ በረንዳ ላይ ተኮልኩሎ ነበር። አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ነው የሚመጣው፤ የማንንም ኔትወርክ አይለምንም። አለመዋሸት ይሻላል፣ የሚሰማውም እየሳሳ ነው። መጋቢት 2017 ላይ የአሜሪካ ድምፅ ጸጥ ሲል እማዬ ሬዲዮዋ የተበላሸች መስሏት ጠጋኝ ቤት ልካኛለች። የጀርመን ድምፅ ግን፣ በ1957 የጀመረው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አለ። ለአገር ቤቱ ወሬ ኤፍኤም አለ፣ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለ።

ሬዲዮም ፎርጅድ አላት፣ አትሞኙ። «12 ባንድ» የሚለው ጽሑፍ ላይ አትጥፉ፤ መጻፍ ቀላል ነው። ማዞሪያውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ጣታችሁ ከዞረ በኋላ መርፌው ዘግይቶ ከተከተለ ውስጡ ያለው ገመድ ላልቷል፣ ተዉት። የባትሪውን ክዳን አምስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። አንቴናው ሥሩ ላይ ከተወዛወዘም እንዲሁ። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አዘፍኑት። ፍላሹ ከ32 ጊጋ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ፎርማቱ ፋት32 ካልሆነ ብዙዎቹ አያነቡም። ሱቁ «ሬዲዮዋ ጤነኛ ናት፣ ፍላሽህ ነው» ሲላችሁ አንዳንዴ እውነቱን ነው።

ዘፈን ስታስጭኑ ደግሞ ለልጁ ቅደም ተከተሉን ንገሩት። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚያዘፍኑት በፊደል ተራ ሳይሆን በተገለበጠበት ተራ ነው። እማዬ ጽሑፍ አያስፈልጋትም። ሲከፈት መዝሙር ነው፣ አራቴ ስትጫን የአባዬ ዘፈኖች ይመጣሉ። የጎረቤታችን እናት የመንዙማ ፍላሻቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ፤ ቡናው እስኪፈላ የእሳቸው ይሰማል፣ ሁለተኛው ሲቀዳ የእማዬ ፍላሽ ይመለሳል።

ስፒከር ለማን? ዶርም ላሉ ተማሪዎች፣ ልደት ለሚያከብሩ፣ ቤዝ ደረታቸውን ካልመታቸው ለማይረኩ። ለእነሱ ሬዲዮ ቀጭን ድምፅ ነው፣ አልከራከርም። ግን እውነተኛውን ግዙ። እኔ በጠየቅኩበት ሱቅ 9,000 ነው፤ በዚያ ብር ስድስት ሬዲዮ ይገዛልና አስቡበት። 9,000 ከሌላችሁ 2,400ዋን አትንኩ። መሐል ላይ ያለ ዋጋ ሁሉ ብረቱ የተለጠፈባት ነች።

የእኔዋን አልጣልኳትም። ጠጋኙን ብረቷን መልሶ እንዲገጥምልኝ ለመንኩት። የእማዬ ጓዳ በር ንፋስ ሲመጣ እየተላተመ ያስቸግር ነበር፤ አሁን እሷ ትይዘዋለች።